ለጨቅላው ዘመዳችን ለገና ምን እንግዛ?

(ከገና በፊት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በወላጆችና በዘመዶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ቢያለቅሱም አትሳቀቁ። ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ እነሱ ነው።

እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁም፣ እዚህ ከመጣሁም በኋላ ሥራዬ ከልጆች ጋር ነው። አዘጋጆቹ «ስለ ገና ስጦታ ንገሪን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። በዚህ ሰሞን ስልኬ የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ነውና። «እህቴ ወልዳለች፤ ምን ልላክላት?» «የወንድሜ ልጅ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ምን ይሻለዋል?» እዚህ አገር ሁለት ገና ነው ያለን። አንዱ ዲሴምበር 25፣ ሌላው የእኛው ታኅሣሥ 29። አገር ቤት የሚሄድ ሰው የሚፈለገው፣ ሻንጣ የሚመዘነው በዚህ መካከል ነው። ታዲያ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ለሕፃኑ ምን እናስገባ?

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው ስለ ዕድሜው፣ ሁለተኛው ስለ ደኅንነቱ ነው። ሦስተኛው ስጦታው ለልጁ ምን ያደርግለታል የሚለው ነው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ልጁ ስንት ወሩ ነው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን መልሱን ሳናውቅ ነው ሱቅ የምንገባው። ዘመድ በስልክ «አድጋለች እኮ! ብታያት አታውቂያትም» ይለናል። አድጋለች ማለት ስንት ወር ነው? የተወለደችበትን ቀን ጠይቁ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተነገራችሁ ወደ ፈረንጁ መልሱት። ሚያዝያ 20 የተወለደች ልጅ ኤፕሪል 28 ተወለደች ማለት ነው። ለታኅሣሥ 29 ገና ስምንት ወር ማለፏ ነው። «ዓመት ሊሞላት ነው» ብላችሁ የዓመት ልጅ መጫወቻ ከገዛችሁ አራት ወር ገደማ ቀድማችኋታል። አራት ወር ለእኔና ለእናንተ ምንም አይደለም። ለእሷ ግን የዕድሜዋ ግማሽ ነው።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅም አለ። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው፣ አንገቱና እጁ እንደ አራት ወር ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር አይደለም። ሐኪሞችም ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ዕድሜውን ይህን አስተካክለው ነው የሚያሰሉት። እናትየውን ጠይቋት፤ በቀስታ ግን። «ለምን አልተቀመጠም?» እያለ የሚያስጨንቃት ዘመድ አላነሳትም።

ደግሞም የምትገዙበት ቀንና ስጦታው የሚደርስበት ቀን አንድ አይደለም። በቅናሽ የተገዛ የሦስት ወር ልብስ፣ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ለገና ሲደርስ ልጁ አልፎታል። ስለዚህ ልብስ ሲሆን ከፍ አድርጋችሁ ግዙ። መጫወቻ ሲሆን ግን ከፍ አታድርጉ። ልብስ ቢሰፋ እጅጌው ይታጠፋል። ከዕድሜ በላይ የሆነ መጫወቻ ግን የሚታጠፍ ነገር የለውም። ለምን እንደምል አሁን ትሰማላችሁ።

በቅድሚያ ልጁ በየዕድሜው ምን እንደሚያደርግ እንይ። ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እጁ ምን ይችላል? ዓይኑ ምን ያያል? አፉስ?

ገና የተወለደ ልጅ ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው። ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት ይኸው ነው። ዓይኑን የሚስበው ጥቁርና ነጩ ጎልቶ የተለየ ነገር ነው። እኛ ለሕፃን ፈዛዛ ሮዝና ፈዛዛ ሰማያዊ እንመርጣለን፤ እሱ ግን ገና በደንብ አይለያቸውም። በዚህ ዕድሜ መጫወቻ ብዙም አያስፈልግም። ካልሲ፣ ለስላሳ ልብስ፣ የሚታጠብ ስስ ብርድ ልብስ ይበቃል። ጠንካራ ጫማም አያስፈልገውም። ያ ትንሽ ጫማ እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁ። የሚያምረው ግን ለእኛ ነው። ያልቆመ እግር ካልሲ ነው የሚሻለው።

ወደ አራት ወር ገደማ እጁን ዘርግቶ ይይዛል። የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ያኔ ሲወዘውዙት የሚንሿሿ፣ ቀለል ያለ፣ የሚታጠብ መጫወቻ ጥሩ ነው። ድዱን የሚያክበት ለስላሳ ጎማም ያስደስተዋል።

እኔ በጣም የምወደው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያለውን ጊዜ ነው። ተቀምጦ ዓለምን ያያል። ማንኪያ ይጥላል፤ ታነሡለታላችሁ፤ መልሶ ይጥላል። ይህን «ጥጋብ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ እየመረመረ ነው! ስጥለው ምን ይላል? የት ይሄዳል? ማን ያነሣልኛል? ወደ ስምንት ወር ገደማ ደግሞ ትልቅ ነገር ይገባዋል። የተሸፈነ ነገር እንዳልጠፋ ያውቃል። አክስቴ ይህን ማንም አላስተማራትም። ግን ብርቱካን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍንና «የት ሄደ? የት ሄደ?» ትላለች። ልጁ ነጠላውን ይስባል። ብርቱካኑ ሲወጣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እንደገና ትሸፍናለች። ልጁ የማይሰለቸውን ያህል እሷም አይሰለቻትም።

ለዚህ ዕድሜ ምን ይገዛል? አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ የፕላስቲክ ኩባያዎች። ከልጁ ጭብጥ በደንብ የሚበልጥ ለስላሳ ኳስ። ወፍራም የካርቶን ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ። ዋጋቸው ብዙ አይደለም፤ ለሻንጣም አይከብዱም። ኩባያዎቹን ልጁ በስምንት ወሩ ይጥላቸዋል፤ በዓመቱ አንዱን በአንዱ ይከታል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ይደረድራቸዋል። አብሮት የሚያድግ ስጦታ ማለት ይህ ነው።

ዓመት ከሞላው በኋላማ ቀላል ነው። እየገፋው የሚሄደው ነገር፣ ትልልቅ የእንጨት ብሎኮች፣ ወፍራም የሰም ቀለም። ይኼኛውን እናልፈዋለን።

ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልግባ። ደኅንነት።

መጫወቻው በተሸጠበት ሣጥን ላይ ትንሽ ምልክት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀይ ክብ ናት። ውስጧ የሕፃን ፊትና 0-3 የሚል ቁጥር አለ፤ በላዩ ላይ ሰያፍ መስመር ተሰምሮበታል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ይህን ሳሳያቸው ስንት ዘመዶች «የእኛዋ ጎበዝ ናት፤ ከዕድሜዋ በላይ ታውቃለች» ብለውኛል! ጎበዝ መሆኗን አምናለሁ። ግን እባካችሁ ስሙኝ። ያ ቁጥር ስለ ልጅቷ ጭንቅላት የሚናገር አይደለም። ስለ ጉሮሮዋ ነው የሚናገረው። ጎበዝ ልጅም ጉሮሮዋ ጠባብ ነው። እንዲያውም ጎበዟ ናት ቶሎ የምትፈታው፣ ቶሎ የምትነቅለው፣ ቶሎ ወደ አፏ የምትወስደው።

አዲስ አበባ በሕፃናት ክፍል ስሠራ አንድ ሌሊት የዐሥር ወር ልጅ ይዘው መጡ። ጉንፋን ነው ብለው ነበር። ሳሉ ግን የጉንፋን አልነበረም፤ በድንገት ነው የጀመረው፤ ትንፋሹም በአንድ ወገን ያፏጫል። እናትየዋን «ሲጀምረው ምን ይዞ ይጫወት ነበር?» አልናት። ከውጭ የተላከለት አሻንጉሊት ነበር። አያቱ እየሮጡ ሄደው አመጡት። አንድ ዓይኑ የለም! ከፕላስቲክ የተሠራች ጥቁር ቁልፍ ነበረች። ከአየር ቧንቧው ወጣችለት፤ ልጁም ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን። አሻንጉሊቱን የላከው ሰው ግን በፍቅር ነበር የላከው። ከእኛ መሐል በክፋት የሚገዛ የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት።

ስለዚህ እንዴት እናውቃለን? የሶፍት መጠቅለያ የካርቶን ቱቦ አለ አይደል? ሶፍቱ ሲያልቅ የምትጥሉት። እሱን አስቀምጡት። በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። እዚህ አገር መጫወቻ የሚፈተሸው 3.17 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መለኪያ ነው። የሶፍቱ ቱቦ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ያ ለጥንቃቄ ይረዳናል። ቀጥሎ ጎትቱት። ዓይኑን፣ ጎማውን፣ ቁልፉን በደንብ ጎትቱ። በእናንተ እጅ የሚላቀቅ ከሆነ በልጁ አፍም ይላቀቃል። ከመንገድ ዳር ወይም ምንም ካልተጻፈበት ላስቲክ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ይህን ሳታደርጉ አትስጡ።

ባትሪ ላይ ልቁም። የሳንቲም ቅርጽ ያላት ጠፍጣፋ ባትሪ ታውቃላችሁ? ሰዓት ውስጥ፣ ሪሞት ውስጥ፣ የሚዘፍን መጫወቻ ውስጥ አለች። በገና ሰሞን ደግሞ ሲከፈት በሚዘፍነው የመልካም ምኞት ካርድ ውስጥ፣ በውሸት ሻማ ውስጥ አለች። ልጅ ከዋጣት ምግብ ቧንቧው ላይ ልትቀረቀር ትችላለች። ከምራቁ ጋር ስትገናኝ በኤሌክትሪኳ ሥጋውን ታቃጥላለች። ከባድ ጉዳት ለማድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። ሁለት ሰዓት! ልጁ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይመስል ይችላል። በአሜሪካ በ2022 የወጣ ሕግ የእነዚህ ባትሪዎች ክዳን በልጅ እጅ እንዳይከፈት ያስገድዳል። እናንተም ክዳኑ በቡሎን የታሰረ መሆኑን እዩ። ልጅ እንደዋጠ ከጠረጠራችሁ «እስኪ ጠዋት እንየው» አይባልም። ቀጥታ ሆስፒታል ነው፤ ራጅ ይነሣል። እዚህ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ስልኩን መዝግቡ፤ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል።

ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔትም እንደዚሁ ናት። ሁለት ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ይይዙታል፤ ይበሱታል። ውኃ ውስጥ የሚያብጡት ባለ ቀለም ጠጠሮችም ቤት አይግቡ። ፊኛም እንዲሁ፤ ስትፈነዳ ቁራጯ ጉሮሮ ላይ ትለጠፋለች። ትልልቅ የጥጥ አሻንጉሊት የላካችሁ ደግሞ ለእናትየው ንገሯት፤ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከተኛበት አልጋ ውስጥ አይቀመጥም። ትራስም፣ ወፍራም ብርድ ልብስም አይገባም።

አሁን ስለ ዎከር ልናገር። ብዙዎቻችሁን እንደማስከፋ አውቃለሁ። ጎማ ያለው፣ ልጁ መሐሉ ተቀምጦ እየነዳ የሚሄድበት ማለቴ ነው። አገር ቤት ተወዳጅ ስጦታ ነው። «ቶሎ እንዲሄድ» ይባላል። ቶሎ አያስኬድም። እንዲያውም ሊያዘገየው ይችላል። ካናዳ በ2004 መሸጡንም ወደ አገር ማስገባቱንም ከልክላለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እንዲከለከል ሲጠይቅ ቆይቷል። በዎከር ላይ ያለ ልጅ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይሄዳል። አሁን የገናን ቀን አስቡት። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ረከቦቱ ወለል ላይ ነው። ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ጀበናው ተጥዷል። እናት ለእንግዳ ዳቦ ልታመጣ ብድግ ትላለች። አንድ ሰከንድ! ሌላ ምን ልበላችሁ? ዎከር አትላኩ። ልጁ መሬት ላይ ይዳኽ፤ ወንበር ይዞ ይቁም፤ በጊዜው ይሄዳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ከስጦታው የተረፈውንም ይለቅማል። ወደ ዘጠኝና ዐሥር ወር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መቆንጠጥ ይጀምራል። ደስ ይላል። ግን ያኔ ነው ከምንጣፍ ላይ ቆሎ የሚያነሣው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻ፣ ደረቅ ከረሜላ አራት ዓመት እስኪሞላው አይሰጠውም። «አንዲት ፍሬ ብቻ» አይባልም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በጣት እንኳ አይቀመስም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ጀርም ለጨቅላ አንጀት አደገኛ ነው። ያ ጥሩ የትግራይ ነጭ ማር ለእናትየው ይሁን። እሷ ትብላው፤ ይገባታል።

ሦስተኛው ነገሬ ስጦታው ምን ያደርግለታል የሚለው ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የኖርዘርን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከ10 እስከ 16 ወር ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር አጠናች። 26 ቤተሰቦች ነበሩ። በባትሪ የሚናገርና የሚዘፍን መጫወቻ ሲሰጣቸው ወላጆቹ ወሬ ቀነሱ። መጽሐፍ ሲሰጣቸው ግን ብዙ አወሩ፤ ልጆቹም አብዝተው ድምፅ አሰሙ። መጫወቻው ሲያወራ ሰው ዝም ይላል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆቻችን ትልቅ ነገር ነው። ያ መጫወቻ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውንማ ከመዋዕለ ሕፃናት ያገኘዋል። «ዓይን የት አለ? አፍንጫስ?» የሚለውን ግን ከማን ይሰማዋል? ከእናንተ ነው። «እሹሩሩ» የሚለውን ከማን ይሰማዋል? ከእናንተ! ስለዚህ እናንተን የሚያናግር ነገር ግዙ። ቃል የሌለው የሥዕል መጽሐፍ እንኳ ይበቃል። ውሻውን አይታችሁ በአማርኛ ውሻ በሉት፤ ላሟን ላም በሉት፤ እንደ ላምም ጩኹለት። አማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ከአገር ቤት የምታስመጡ ደግሞ ተባረኩ። ታብሌት አትግዙለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለዓመት ልጅም፣ ከዚያ በታች ላለም ስክሪን አይመክርም።

ሻንጣው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ ያለው ማነው? እዚህ የወለደች የአክስቴ ልጅ ከእናቷ አንቀልባ ተልኮላት ነበር። በዛጎል ያጌጠውን መረጡላት። በስልክ ተማክረን ለልጁ አፍ የሚቀርበውን ዛጎል እናቷ ራሳቸው ፈቱት፤ ጀርባው ላይ ያለውን ተዉት። ልጁ በዚያ አንቀልባ ታዝሎ ነው ያደገው። አያቱን በአካል ሳያያቸው እጃቸው የነካውን ለበሰ።

ወርቅ የምትሰጡ አላችሁ። ለሕፃን አንገት ሐብል አይሁን፤ በተለይ ሲተኛ። ስጡት፤ ግን እናቱ ታስቀምጥለት። ለጥርስ ሕመም ተብሎ የሚሸጠውን የዶቃ ሐብልም አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ስለ እሱ አስጠንቅቋል።

የዱቄት ወተት በጣሳ የምትልኩም አላችሁ። እናትየዋ ወይም ሐኪም ካልጠየቀ አትላኩ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። ጣሳው ቤት ሲገባ አራሷ «ወተቴ አይበቃውም ማለት ነው» ብላ ትጠራጠራለች። ያንን ገንዘብ ለዳይፐር አድርጉት። አገር ቤት ዳይፐር ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሰማ ሰው ይህን አይንቅም። ወይም ለአራሷ ለራሷ ምቹ የሌሊት ልብስ ግዙላት። ሁሉም ሰው ለሕፃኑ ሲያመጣ እሷን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።

ትልቅ ወንድም ወይም እህት ካለው ለእነሱም ትንሽ ነገር ያዙ። ግን የትልቁ ሌጎ የትንሹ አደጋ ነውና፣ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወትበትና ክዳን ያለው ዕቃ ጨምሩበት።

ከሁሉም በፊት ደውሉ። «ምን ላምጣ?» ብቻ አትበሉ፤ እናት በይሉኝታ «ምንም አያስፈልግም፤ እናንተ ብቻ ኑልን» ትላለች። «አሁን ምን ይሠራል? ይቀመጣል? ይድኻል? ምን ያስቀዋል?» በሉ። ያኔ ታወራላችኋለች፤ አታቆምም። ከዚያ ወሬ ውስጥ ስጦታውን ታገኙታላችሁ።

እኔ ጨርሻለሁ። በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ቱቦዎች አስቀምጫለሁ፤ ለሁላችሁም ይበቃል። ስጦታ ገዝታችሁ የመጣችሁ አምጡት፤ አብረን እንለካው፣ እንጎትተው። ደረሰኙን ያልጣላችሁ ካላችሁ ገና መመለሻ ጊዜ አላችሁ። ከኋላ እጅዎን ያነሡት እናት፣ ይቅረቡ፤ ከእርስዎ እንጀምር። የልጅ ልጅዎ ስንት ወሩ ነው?